ሳይቀረጽ የተሸጠ ፊልም፦ የ«355» ጉዳይ

ስፖይለር (ታሪኩን ቀድሞ የሚያጋልጥ ነገር) አለው። እንደውም ከላይ እስከ ታች ስፖይለር ነው፣ ስለዚህ የስለላ ፊልሙን «355»ን ያላያችሁና ልታዩት ያሰባችሁ ካላችሁ እዩትና ተመለሱ። ብትቀጥሉም ግን ብዙ የሚቀርባችሁ ነገር የለም፣ ምክንያቱም ፊልሙ ራሱ ገና በጊዜ ከሃዲው ማን እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ማለቴ እሱ የደበቀ መስሎታል እንጂ እኛ አውቀናል። እኔ ሳየው ሰውዬው «ሞተ» ሲባል አብሮኝ ያለው ጓደኛዬ ስልኩን እየነካካ ቀና እንኳን ሳይል «ይመለሳል» አለ። በቃ። ከዛ በኋላ ያለውን ሰዓት ሁላ የተቀመጥነው ሰውዬው መቼ እንደሚመለስ ለመጠበቅ ነው።

ግን እኮ ተዋናዮቹን እዩዋቸው። ጄሲካ ቻስቴይን፣ ፔኔሎፔ ክሩዝ፣ ሉፒታ ኒዮንጎ፣ ዳያን ክሩገር፣ ፋን ቢንቢንግ። ክሩዝ በ2009 ኦስካር ወስዳለች፣ ሉፒታ በ2014 ወስዳለች፣ ክሩገር በ2017 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ምርጥ ተዋናይት ተብላለች፣ ፋን ቢንቢንግ ቻይና ውስጥ ስሟ ከተጠራ ሌላ ማስታወቂያ የማያስፈልጋት ኮከብ ናት፣ ቻስቴይን ደግሞ ያኔ ኦስካሩን ገና አላገኘችም እንጂ ሁለቴ ታጭታ ነበር። ከወንዶቹ ሰባስቲያን ስታንና ኤድጋር ራሚሬዝ አሉ። ይሄን ሁሉ ሰው ይዞ እንዴት ነው አንድ ፊልም እንዲህ ቀድሞ የሚታወቅ የሚሆነው? ብዙ ሰው «ስክሪፕቱ ደካማ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ልክ ነው ደካማ ነው፣ ግን ያ መልስ አይደለም፣ ያ ጥያቄውን መልሶ መናገር ነው። ደካማ ያደረገው ምንድነው? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተበላሸው ማንም ካሜራ ሳያነሳ በፊት፣ ፊልሙ በተሸጠበት መንገድ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በ2017 ቻስቴይን የካን ፌስቲቫል ዳኛ ነበረች፣ የዳኞቹ ሰብሳቢ ስፔናዊው ዳይሬክተር ፔድሮ አልሞዶቫር ነበር (በነገራችን ላይ ያን ዓመት ክሩገርን የሸለሙት እነሱ ናቸው፣ ዓለም ጠባብ ናት)። በመጨረሻው ቀን መግለጫ ላይ ቻስቴይን ያየቻቸው ፊልሞች ሴቶችን የሚያሳዩበት መንገድ እንደረበሻት በግልጽ ተናገረች፣ ብዙም ተወራላት። ብዙም ሳይቆይ፣ በኋላ «355»ንም ዳይሬክት ያደረገው ሳይመን ኪንበርግ በሚመራው የኤክስ ሜን ፊልም ላይ ስትሠራ ለሱ ሃሳብ አቀረበችለት፦ የወንዶቹ የስለላ ፊልሞች በየጊዜው ይወጣሉ፣ ሴቶች ብቻ የሚመሩት፣ ከተለያየ አገር የመጡ ሰላዮች ያሉበት ለምን አንሠራም? ሃሳቡ ጥሩ ነው። እኔ እስከዛሬ ጥሩ ነው እላለሁ።

በግንቦት 2018 አምስቱ ሴቶች ካን ሄዱ። ያኔ የሄዱት ቻስቴይን፣ ክሩዝ፣ ሉፒታ፣ ፋን ቢንቢንግና ማሪዮን ኮቲያር ናቸው፣ ክሩገር ገና አልገባችም። ባህር ዳር ቆመው ፎቶ ተነሱ፣ ፊልሙ ገና አንድ ቀን እንኳን ሳይቀረጽ ፖስተሩ ወጣ፣ ከየአገሩ የመጡ ገዢዎች ተሻሙ፣ የአሜሪካውን መብት ዩኒቨርሳል ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ እንደወሰደው ተዘገበ። ከዛ ደግሞ አንድ ሊመሰገን የሚገባው ነገር አለ፦ ተዋናዮቹ ተቀጣሪ ብቻ አልነበሩም፣ የፊልሙ የባለቤትነት ድርሻ ነበራቸው፣ ለገዢዎቹም ራሳቸው ቀርበው ነው የሸጡት። እንዲህ ዓይነት አሠራር ሆሊውድ ውስጥ በየቀኑ የሚታይ አይደለም።

ግን አስቡት፣ ገዢው ምንድነው የገዛው? አምስት ፊት ነው የገዛው። ከአምስት አገር የመጡ አምስት ፊቶች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገበያ የሚከፍቱ። አሜሪካ ቻስቴይን፣ ስፓኒሽ ተናጋሪው ዓለም ክሩዝ፣ ቻይና ፋን ቢንቢንግ፣ እንዲህ እያለ። በዚህ መንገድ ፋይናንስ ማድረግ ሃጢአት አይደለም፣ ብዙ ፊልም እንዲህ ነው የሚሠራው። ችግሩ ቃል የተገባው ነገር ፖስተሩ መሆኑ ነው፣ ፖስተሩ ላይ ደግሞ አምስቱም እኩል ናቸው። ከዛ በኋላ የሚጻፈው ታሪክ ያንን እኩልነት ጠብቆ መሄድ አለበት። የማሪዮን ኮቲያር ነገር ይሄን በደንብ ያሳያል፦ በ2019 ወጣች፣ ክሩገር ተተካች፣ ፊልሙ ምንም ሳይናጋ ቀጠለ። አንድ አውሮፓዊት ወጥታ ሌላ አውሮፓዊት ገባች፣ ወንበሩ እዛው አለ። ተዋናይ ሲቀየር ገጸ ባህሪው ካልተናጋ ወይ ገጸ ባህሪው በጣም ጠንካራ ነው፣ ወይ ገና የለም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልውጣ፣ ምክንያቱም የዚህ ፊልም ምርጡ ትሪለር የተሠራው ከፊልሙ ውጪ ነው። ካን ላይ ያን ፎቶ ከተነሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ፋን ቢንቢንግ ጠፋች። በቃ ጠፋች። በ2018 ክረምት ቻይና ውስጥ የግብር ጉዳይ ተነሳባት፣ ከዛ ለሦስት ወር ያህል በአደባባይ አልታየችም፣ ዓለም ሁሉ «የት ገባች?» እያለ ሲጠይቅ ከርሞ በጥቅምት መጀመሪያ ይቅርታ የጠየቀችበት ጽሑፍ ወጣ፣ ከቅጣቱ ጋር ከ880 ሚሊዮን ዩዋን በላይ እንድትከፍል ተወሰነ። ያን ጊዜ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እና ይቺው ሴትዮ ናት ከዛ መጥታ ሁሉም ሰው ቀድሞ በሚያውቀው ፊልም ውስጥ የቻይና ሰላይ ሆና የተወነችው።

እሺ ወደ ታሪኩ። ከቦጎታ ራቅ ያለ ቦታ አንድ የዕፅ ነጋዴ ጋ የትኛውንም ዲጂታል ሲስተም መክፈት የሚችል ድራይቭ አለ። አውሮፕላን መጣል ይችላል፣ የከተማ መብራት ማጥፋት ይችላል፣ ሁሉን ይችላል። ወረራ ይደረጋል፣ ተኩስ ይነሳል፣ ሉዊስ የሚባል የኮሎምቢያ ደህንነት ሰው (ራሚሬዝ ነው) ድራይቩን አንስቶ ይሰወራል፣ ከዛ ለሲአይኤ ሊሸጠው ፓሪስ ይመጣል። ሲአይኤ ሜስን (ቻስቴይን) እና ኒክን (ስታን) ይልካል፣ ሽፋናቸው አዲስ ተጋቢዎች ነው።

ይሄ የፓሪስ ክፍል ነው ሁሉንም ነገር የሚያፈርሰውና ቀረብ ብለን እንየው። ሜስና ኒክ የረጅም ጊዜ ጓደኛሞች ናቸው፣ በፍቅር ተያይዘው አያውቁም። ልክ ወደ ሥራው ሊገቡ ሲሉ፣ ሙሽሮች መምሰል አለብን ከሚለው ቀልድ ተነስተው አብረው ያድራሉ። አንደኛ ደወል። በስለላ ፊልም ውስጥ ከግዳጅ በፊት አብሮ ያደረ ሰው ወይ ይሞታል ወይ ይከዳል፣ ይሄን ለማወቅ የፊልም ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ከዛ ካፌው፦ ሉዊስ ቦርሳውን ይዞ ተቀምጧል፣ አስተናጋጅ መስላ የገባችው ማሪ (ክሩገር፣ የጀርመን ስለላ) ቦርሳውን ነጥቃ ትሮጣለች፣ ሜስ ማሪን ታሳድዳለች፣ ኒክ ሉዊስን ያሳድዳል። ተለያዩ። ሁለተኛ ደወል። ከዛ ሜስ ኒክ መሞቱን ትሰማለች። ሬሳ የለም። እኛ አናይም፣ እሷም አታይም። ሦስተኛ ደወል፣ ይሄኛው ደወል ሳይሆን ሳይረን ነው።

እና ሰውዬው ማን ነው? ሰባስቲያን ስታን! ይሄን ማን እንዳላሰበው አላውቅም። ስታን በዓለም ላይ የሚታወቀው በምንድነው ቢባል በማርቭል ፊልሞች ነው፣ እዛ ላይ በ2011 ከባቡር ላይ ገደል ወድቆ ሞተ ተባለ፣ ሬሳ አልተገኘም፣ በ2014 የጠላት መሣሪያ ሆኖ ተመለሰ። የጀግናው የቅርብ ጓደኛ፣ ሳይታይ የሞተ፣ ጠላት ሆኖ የተመለሰ። አንድ በአንድ ተመሳሳይ ነው። ተዋናዩ ጎበዝ ነው፣ እዚህም ክፉ አልሠራም፣ ግን ፊቱ ራሱ ስፖይለር ነው። የታወቀ ተዋናይ ስትቀጥሩ የምትቀጥሩት ችሎታውን ብቻ አይደለም፣ ተመልካቹ ስለሱ የሚያስታውሰውን ሁሉ አብሮ ይመጣል። በዛ ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ስሙ ፖስተር ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓቶች ውስጥ ለዘላለም አይሞትም። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ጎበዝ ካስት ራሱ ችግር የሚሆነው። ማንም የማያውቀው ልጅ ኒክን ቢጫወት ኖሮ ምናልባት እውነት ሞተ ብለን እንቀበል ነበር።

ከፓሪስ በኋላ ሜስ ለንደን ሄዳ ካዲጃን (ሉፒታ፣ የእንግሊዙን የስለላ ድርጅት ኤምአይ6ን ትታ የወጣች የኮምፒውተር ሰው) ትጎትታታለች። ከኮሎምቢያ ደግሞ ግራሲየላ (ክሩዝ) ትመጣለች፣ እሷ የመሥሪያ ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ ሉዊስን አሳምና እንድትመልሰው ነው የተላከችው፣ መሣሪያ ይዛ አታውቅም፣ ቤቷ ባልና ልጆች እየጠበቋት ነው። ሉዊስ ይገደላል፣ ሳይሞት በፊት ስልኩን በሷ ጣት አሻራ ብቻ እንዲከፈት ያደርገዋል፣ በዚህ ምክንያት መሄድ ብትፈልግም መሄድ አትችልም። ማሪም ትቀላቀላቸዋለች። ከዛ ሞሮኮ፣ ማራኬሽ፣ ድራይቩን ያገኙታል፣ ለሜስ አለቃ ያስረክባሉ፣ ቁጭ ብለው እየጠጡ ይሳሳቃሉ። በነጋታው አውሮፕላኖች ይወድቃሉ፣ አለቃው ተገድሎ ይገኛል፣ ድራይቩ የለም፣ እነሱ ተፈላጊ ይሆናሉ። ከዛ ሻንጋይ፣ የጥንት ዕቃ ጨረታ፣ እዛ ፋን ቢንቢንግ ትገባለች፣ እዛም ኒክ ቆሞ ይገኛል። ሙዚቃው ይጮሃል፣ ሜስ ትደነግጣለች፣ እኛ «በስንት ጊዜ!» እንላለን።

አሁን ቁጭ ብላችሁ ጊዜውን አካፍሉት። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከትንሽ ነው። አምስት ጀግኖች አሉ፣ ለእያንዳንዷ መግቢያ ትዕይንት፣ የራሷ ቁስል፣ የምትወደው ሰው፣ ቢያንስ አንድ የምትደምቅበት ቦታ መስጠት ግዴታ ነው፣ ፖስተሩ ያንን ቃል ገብቷልና። የሜስ ቁስል ኒክ ነው፣ ካዲጃ ፍቅረኛ አላት፣ ግራሲየላ ቤተሰብ አላት፣ ማሪ አባቷ ለሩሲያ የሚሠራ ድርብ ሰላይ ሆኖ ራሷ ያጋለጠችው ሴት ናት። ይሄን ሁሉ ከፋፍላችሁ ስትጨርሱ ለክፉው ሰው የሚቀር ደቂቃ የለም። ድራይቩን የሚፈልጉት ሰዎች ለምን እንደሚፈልጉት የሚነግረን የለም፣ ያው ክፉ ስለሆኑ ነው። ፋን ቢንቢንግ የምትገባው ፊልሙ ካጋመሰ በኋላ ነው፣ ስለዚህ አምስተኛዋን እስክንለምዳት ያልቃል። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ ጸሐፊ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፣ ተመልካቹ ቀድሞ የሚያውቀውን ይጠቀማል፦ ሁሉን የሚከፍት ድራይቭ፣ ለብቻቸው የተባረሩ ሰላዮች፣ የከዳ ጓደኛ። የታወቀ ነገር ማብራሪያ አይፈልግም፣ ደቂቃ ይቆጥባል። ለኔ «355» ቀድሞ የሚታወቅ የሆነው ጸሐፊዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ አምስት ሰው እኩል ለማስተናገድ ሲሉ ታሪኩን ከመደርደሪያ ላይ ስላነሱት ነው።

የማሪን አባት እዩት እንጂ። በልጅነቷ አባቷን ያጋለጠች ሴት! ይሄ ብቻውን አንድ ሙሉ ፊልም ነው። እዚህ ግን በጥቂት አረፍተ ነገር ተነግሮ ያልፋል፣ ክሩገር ፊቷ ላይ የምታደርገውን ካላያችሁ ጭራሽ ታልፉታላችሁ። ክሩገር እዚህ ፊልም ላይ በጣም ጥሩ ናት፣ ቁጡ ናት፣ ማንንም አታምንም፣ ከቻስቴይን ጋር ዓሣ ገበያው ውስጥ ሲደባደቡ እውነት የሚጠላሉ ነው የሚመስለው።

ክሩዝ ደግሞ... እኔ ይሄን ፊልም እንደገና ካየሁት ለክሩዝ ብዬ ነው። ሌሎቹ አራቱ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ፣ ይተኩሳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይማታሉ። ግራሲየላ ግን እዛ ሁሉ መሃል ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ «እኔ እኮ ቤቴ ነው የምፈልገው» የምትል ሴት ናት፣ ስትፈራ እውነት ትፈራለች፣ ወደ ቤት ደውላ ልጆቿን ስታናግር ድምጿ ይቀየራል። ቀጥላ ምን እንደምታደርግ የማይታወቅላት ብቸኛ ሰው እሷ ናት። ያውም ሥራዋን አስተውሉ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ የሰላዮችን ጭንቅላት ማንበብ ነው እንጀራዋ። ፊልሙ ስለ ከሃዲ ነው። እና ፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ ከሃዲውን በሙያዋ አትደርስበትም! ይሄ ለኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ብክነት ነው። ኒክን አግኝታው አታውቅም እሺ፣ ግን ሜስ ስለሱ ስታወራ ትሰማለች። አንድ ምሽት ላይ ሜስ ስለሞተው ጓደኛዋ ስታወራ ግራሲየላ ዝም ብላ አዳምጣ አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ፣ «መጀመሪያ እንለያይ ያለው ማን ነው?» ብትላት፣ ያቺ አንዲት ጥያቄ ከሻንጋዩ ተኩስ ሁሉ በላይ ታስደነግጠን ነበር። ያ ምሽት ደግሞ ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ማራኬሽ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠጡ ሲያወሩ። ሰዎቹ አሉ፣ ቦታው አለ፣ የቀረው ጥያቄው ነው።

ሌላም ነገር ማድረግ ይቻል ነበር። የትሪለር ዳይሬክተሩ ሂችኮክ የሚያነሳው ያ የታወቀ የቦምብ ምሳሌ አለ አይደል፣ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ እያወሩ ድንገት ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል፣ ቦምቡ ከጠረጴዛው ስር እንዳለ ቀድሞ ካየው ግን ሙሉውን ወሬ በጭንቀት ነው የሚያየው። እዚህ ፊልም ላይ ድንጋጤው አስቀድሞ ሞቷል፣ ማንም አልደነገጠም። እንግዲያው ለምን አትነግሩንም? ፓሪስ ላይ ሜስ ማሪን እያሳደደች ሳለ ካሜራው ለአስር ሰከንድ ኒክ ጋ ይቆይ፣ ሰውዬው ቆሞ ትንፋሹን ሰብስቦ ስልክ ይደውል፣ «እኔ ሞቻለሁ» ይበል። ከዛ በኋላ ሜስ ስታለቅስ እናያታለን፣ ልትበቀልለት ስትምል እንሰማታለን፣ በሱ ምክንያት ካዲጃን ከሰላም ኑሮዋ ስትጎትት እናያለን፣ እኛ ግን እናውቃለን። ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፣ ያው ትዕይንቶች ናቸው። ሉፒታ ባየናት ቁጥር «ኧረ ተይ አትሂጂ» እንል ነበር።

ምክንያቱም የሉፒታ ጉዳይ እኮ ቀላል አይደለም። ፊልሙ ውስጥ አንድ ብቻ ነው እውነት ያስደነገጠኝ ቦታ፣ እሱም ኒክ ሴቶቹን ይዞ የሚወዷቸውን ሰዎች በስክሪን እያሳየ ድራይቩን እንዲሰጡት የሚያስገድድበት ነው። የካዲጃ ፍቅረኛ ይገደላል። አያመልጥም፣ በመጨረሻ ሰዓት የሚደርስለት የለም፣ ይገደላል። የግራሲየላ ቤተሰብ ተራ ሲደርስ ነው ፋን ቢንቢንግ ድራይቩን አውጥታ የምትሰጠው። ሉፒታ እዛ ላይ የምታሳየው ነገር ለዚህ ፊልም አይገባውም፣ ከሌላ ፊልም የመጣ ይመስላል። ከዛስ? ብዙም ሳይቆይ ተነስተው መሣሪያ ይዘው ለቀጣዩ ውጊያ ይሄዳሉ። ሐዘን አምስት ደቂቃ አልተሰጠውም። ለምን ብትሉ ያው ነው፣ ደቂቃው ለአምስት ተካፍሎ አልቋል።

ስለ ርዕሱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። 355 ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ፣ በ1778 ለጆርጅ ዋሽንግተን የሚሠራ ከልፐር የሚባል የስለላ መረብ ነበር፣ ኒው ዮርክ በእንግሊዞች እጅ በነበረችበት ጊዜ ማለት ነው። የመረቡ አደራጅ ቤንጃሚን ታልማጅ የኮድ መዝገብ ሠራ፣ ቃላትና ስሞች በቁጥር ተተኩ፦ ዋሽንግተን 711፣ ኒው ዮርክ 727፣ 355 ደግሞ «እመቤት» ማለት ነበር። ከሰላዮቹ አንዱ አብርሃም ውድሃል በ1779 በጻፈው ደብዳቤ አንዲት የሚያውቃት 355 እንደምትረዳው ጠቅሶ አለፈ። ይኸው ነው። ስሟ አይታወቅም፣ እውነት ሰላይ ነበረች ወይስ እንዲሁ የምታግዝ ወዳጅ፣ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ይሄ ሁሉ ምስጢር ርዕሱ ላይ ተቀምጦ፣ ፊልሙ ውስጥ ግን በጥቂት ቃል ይነሳና ይዘጋል። የማይታወቅ ነገር የነበረው ርዕሱ ብቻ ነው ብል ክፋት እንዳይመስልብኝ።

ገንዘቡ ጋ ስንመጣ፦ ፊልሙ በጥር 2021 ሊወጣ ነበር፣ በኮቪድ ምክንያት አንድ ዓመት ተገፋና በጥር 7 ቀን 2022 ወጣ። ጥር ሆሊውድ ውስጥ ስቱዲዮዎች እምነት ያልጣሉባቸውን ፊልሞች የሚያራግፉበት ወር ነው፣ ኦሚክሮን የሚባለው የኮቪድ ዝርያ ደግሞ ሰውን ቤት አስገብቶት ነበር፣ ሲኒማ የሄደውም ቢሆን ሸረሪት ሰውን (ስፓይደር ማንን) ለማየት ነው የሄደው። በዛ ሳምንት መጨረሻ «355» ከ3,000 በላይ ሲኒማ ቤቶች ገብቶ 4.8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አገኘና ሦስተኛ ወጣ፣ ሸረሪት ሰው በአራተኛ ሳምንቱ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሲያስገባ። በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 14 ሚሊዮን ተኩል ገደማ፣ በዓለም ዙሪያ 28 ሚሊዮን አካባቢ ነው የሰበሰበው፣ ወጪው ደግሞ ከ40 እስከ 75 ሚሊዮን እየተባለ ነው የተዘገበው። ከሲኒማ ቤት የሚሰበሰበው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቶቹ እንደሚቀር አስቡና ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ካን ላይ ቀድሞ የተሸጠው መብት ግን አብዛኛውን ጉዳት ገዢዎቹ ላይ ነው የሚጥለው፣ የቅድመ ሽያጭ ጥቅሙ እሱ ነው።

ኮቪድ ነው የጎዳው ለሚሉ ሰዎች ግማሽ ልክ ናችሁ እላለሁ። ግማሹን ግን አልቀበልም፣ እዚህ ጋ አንድ የሚገርም ቁጥር አለ። ሐያሲዎች ጨፈጨፉት፣ ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው በጎ የጻፈለት። ሲኒማ ገብተው ከፍለው ያዩትን ሰዎች በር ላይ እየጠበቀ የሚጠይቀው ሲኒማስኮር ግን ቢ ፕላስ ነው የሰጠው። ቢ ፕላስ መጥፎ አይደለም። መክፈቻውንና ጠቅላላውን ስታነጻጽሩም ሦስት እጥፍ ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ወድቆ የቀረ ፊልም አይደለም። ስለዚህ ያየው ሰው አልጠላውም! ቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ የገባውን ሰው አላስቀየመም፣ እንደውም ብዙ ሰው የስለላ ፊልም የሚገባው የሚያውቀውን ነገር በደንብ ተሠርቶ ለማየት ነው፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። የጎዳው ሌላ ቦታ ነው፣ ገና ያልገባውን ሰው የሚያስነሳ ምክንያት አልነበረውም። ትሬለሩን ያየ ሰው ፊልሙን ያየ መሰለው፣ በወረርሽኝ መሃል ማስክ አድርጎ የሚወጣ ሰው ደግሞ «ይሄ ቤቴ ሆኜም የማየው ነው» ካለ አለቀ።

ስለ ኪንበርግ ጥቂት፦ ሰውዬው ጀማሪ አይደለም፣ በ2005 ብራድ ፒትና አንጀሊና ጆሊ የተወኑበትን የባልና ሚስት ገዳዮች ፊልም የጻፈው እሱ ነው፣ ያ ደግሞ ቀልዱም ግጭቱም ከሁለቱ ሰዎች ጋብቻ የሚመጣ ነው፣ ሁለት ሰው ስለሆኑ ለሁለቱም ጊዜ ነበረው። ዳይሬክተር ሆኖ የጀመረው ግን በዛው በ2019ኙ የኤክስ ሜን ፊልም ነው፣ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 252 ሚሊዮን ያስገባው፣ በስቱዲዮ ሂሳብ ኪሳራ የሚባለው። «355» ሁለተኛው ነው። ድብድቦቹን ሲቀርጽ ካሜራው ስለሚንቀጠቀጥና ቶሎ ቶሎ ስለሚቆረጥ ማን ማንን እንደመታ ለማወቅ ይቸግራል፣ ተዋናዮቹ ተለማምደው የሠሩትን ነገር እንዲህ መቆራረጥ ያናድዳል። እንጂ ክሩገርና ቻስቴይን ሳይቆረጥ ለሃያ ሰከንድ ሲደባደቡ ማየት በቂ ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት «ከሁለት ወር በኋላ» ይላል፣ ዋሽንግተን ነው፣ ኒክ ሹመት አግኝቶ ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ቤቱ ሲገባ ሴቶቹ እየጠበቁት ነው። ከዛ እያንዳንዷ በየመንገዷ ትሄዳለች፣ በሩ ለክፍል ሁለት ክፍት ነው። ክፍል ሁለት አልመጣም። ፊልሙ ከሲኒማ ወርዶ ፒኮክ የሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ላይ ተቀመጠ። ከወጣ ከ79 ቀን በኋላ፣ በመጋቢት 27 ቀን 2022፣ ከአምስቱ ሁለቱ ኦስካር አዳራሽ ውስጥ በአንድ ዘርፍ ተፎካካሪ ሆነው ተቀምጠው ነበር፣ ምርጥ ተዋናይት፣ ክሩዝ በአልሞዶቫር ፊልም፣ ቻስቴይን በሌላ። ፖስታው ሲከፈት የቻስቴይን ስም ወጣ።